ኮርንፍሌክስ ላይ የፈሰሰ ወተት ምን ይባላል?

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ጅማ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ልጆቼ ኮርንፍሌክስ በወተት ሲበሉ ቤቱ በክርክር ተናጠ። ትልቁ ልጄ ‹ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ያለ፣ በማንኪያ የሚበላ ፈሳሽ ሾርባ ነው› አለ። ባለቤቴ ‹ወተት ምንጊዜም መጠጥ ነው፤ ቢበዛ ማወራረጃ በሉት› አለ። እኔ ‹ማባያ ነው› ብዬ ብቻዬን ቀረሁ። ማን ነው ልክ?»

መልስ፦ ልክ እርስዎ ነዎት። ብቻዎን መቅረትዎ ግን ከነከነኝ። ‹ማባያ› የሚለው ቃል ራሱ ብቻውን እየቀረ ነውና። ምግብ ቤት ገብተው ጆሮ ይስጡ። ፈሰስ ያለው ሁሉ ‹ሶስ› ሆኗል። ማባያ የተረፈው እናቶች አፍ ላይ ነው። ስለዚህ ጥያቄዎን በአንድ ቃል መልሼ ማለፍ አልፈልግም።

ከሾርባው ልጀምር። የልጅዎን ሐሳብ የሚደግፉ አዋቂዎችም ገጥመውኛል። ማስረጃቸው ዕቃው ነው፦ ሳህን፣ ማንኪያ፣ ፈሳሽ። አማርኛ ግን ምግብን በዕቃው አይለይም። በግሱ ነው የሚለየው። በረመዳን ማታ እዚህ ጅማ ጎረቤትዎን ምን አፈጠራችሁ ብለው ይጠይቁ። ‹ሾርባ ጠጣን፣ ሳምቡሳ በላን› ይልዎታል። ሾርባ በማንኪያም ቢቀርብ ይጠጣል። ‹ኮርንፍሌክስ ጠጣሁ› ያለ ሰው ግን በዕድሜዬ አልሰማሁም። አሁን አሁን ‹ሾርባ በላሁ› የሚሉ ወጣቶች መጥተዋል። እየበዙም ነው፤ አልክድም። እኔ ግን አልለውም።

አንዳንዶች ሾርባን ‹ሸሪበ› ከሚለው የዐረብኛ ግስ ያወጡታል። ጠጣ ማለት ነው። ለክርክሬ በጣም ይመቸኝ ነበር፤ ግን አይሆንም። ቃሉ በዐረብኛ በኩል ይምጣ እንጂ ሥሩ ፋርስ ነው። ‹ሾር› ጨዋማ፣ ‹ባ› ደግሞ ወጥ ነገር ማለት ነው። ጨው ያልነካውን ወተት ሾርባ ማለት በግሱም በሥሩም አያስኬድም።

ግስ እንደሚወስን ገና ፊደል ስንቆጥር ተምረናል። ‹አበበ በሶ በላ።› ያ በሶ በቅቤ የታሸ፣ በእጅ የሚጨበጥ ነው። ያው ዱቄት በውሃ ተበጥብጦ በብርጭቆ ከመጣ አበበ በሶ ጠጣ እንላለን። ዱቄቱ አልተለወጠም። ቡናንም ይመልከቱ። ሲኒ ውስጥ ያለው ይጠጣል። በኦሮሞ ባህል ፍሬው በቅቤ ተጠብሶ የሚቀርበው ቡና ቀላ ግን ይበላል። ስለዚህ ባለቤትዎ ‹ወተት ምንጊዜም መጠጥ ነው› ሲል ‹ምንጊዜም› የምትለዋ ናት ያሳተችው።

ማወራረጃ ያለውም አይሆንም። ማወራረጃ ከጉርሻ በኋላ ለብቻው ይመጣል። ዳቦ ገምጠው ወተት ፉት ሲሉ ያወራርዳሉ። ኮርንፍሌክሱ ላይ የፈሰሰው ወተት ግን ተከትሎ አይመጣም፤ አብሮ ነው የሚጎረሰው።

ነገሩ ከመነሻውም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1863 አሜሪካ ውስጥ ጄምስ ካሌብ ጃክሰን የተባለ ሐኪም ‹ግራኑላ› የሚባል የቁርስ ምግብ ሠራ። ድርቀቱ የጉድ ስለነበር ከማታው ካልተዘፈዘፈ ጥርስ አይደፍረውም። ኮርንፍሌክስን ለዓለም ያስተዋወቁት የኬሎግ ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1894 ሚሺጋን ውስጥ፣ ባትል ክሪክ ላይ እህሉን ስስ ቅርፊት አድርገው ዳምጠው አወጡት። ያኔ መዘፍዘፉ ቀረ። ወተቱ ግን አልቀረም። የማያስፈልግበት ቦታ ላይ ለጣዕም ሲባል ከቆየ፣ እንግዲህ ማባያ ከዚህ ሌላ ምንድን ነው?

ዋናው ማስረጃዬ ግን አንዲት ፊደል ናት፤ ‹በ›። እንጀራ በወጥ። ገንፎ በቅቤ። ኮርንፍሌክስ በወተት። ቀድሞ የሚጠራው ዋናው ምግብ ነው። ‹በ› የተሸከመው አጋዡ ነው። ‹ወተት በኮርንፍሌክስ› ብለው ይሞክሩት፤ ጆሮ አይቀበለውም። ‹ማባያ› የሚለው ቃል አበጃጀትም ይህንኑ ይናገራል። እንደ ማሰሪያ፣ እንደ ማጣፈጫ የመሣሪያ ስም ነው። ‹በምን ልብላው?› ለሚል ሰው የሚሰጥ መልስ ነው።

እዚህ ላይ ተከራካሪዬ ‹ሻይ በዳቦ›ን ይዞ ይጠብቀኛል። ዳቦው ሻይ ውስጥ እየተነከረ ይበላል፤ ‹በ› ግን ዳቦው ላይ ናት። ታዲያ ዳቦው ማባያ ሊሆን ነው? ይህን ጥያቄ ብዙ ጊዜ አውጥቼ አውርጄዋለሁ። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ‹ዳቦ በሻይ› ነው የምለው፤ ትክክሉም እሱ ነው ብዬ አምናለሁ። ግን ከሂርማታ ገበያ እስከ መናኸሪያ ያሉትን ሻይ ቤቶች ብዞር ‹ሻይ በዳቦ› እንጂ ሌላ አልሰማም። ሕዝብ ካለው አለው። ደንቤ እዚህ ላይ እንደሚላላ እየመረረኝም ቢሆን እቀበላለሁ። ኮርንፍሌክሱ ላይ ግን አልላላም።

‹ታዲያ ለምን ወጥ አንለውም?› የሚል ይኖር ይሆናል። ወጥ እሳት ይፈልጋል። ድስት ተጥዶ፣ ሽንኩርት ተቁላልቶ ነው የሚወጠወጠው። የወተቱን ባሕርይ ይበልጥ የሚነካው የትግርኛው ‹ጸብሒ› ነው። እሱም ወጥ ማለት ነው። በዐረብኛ ዘመዱ ‹ሲብግ› ማባያም ማቅለሚያም ነው። ሁለቱንም ያገናኛቸው መንከር ነው፤ ጨርቅ በቀለም፣ እንጀራ በወጥ። በእኛ በአማርኛም ድልህ በእንጀራ የሚጠቅስ ሰውና መጽሐፍ የሚጠቅስ ሰው አንድ ግስ ይጋራሉ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል።

የወተትንም ነገር ሳልነካ አላልፍም። ግእዙ ‹ሐሊብ› ይለዋል። ላም ስናልብ የምንጠቀምበት ‹አለበ› ከዚያው ቤት ነው። ስልጤዎች ወተቱን ‹አይብ› ይሉታል። እኛ አይብ የምንለው ከአሬራው ተነጥሮ የሚወጣውን ነው። አንድ ቃል ሲሆን እዚያ ይጠጣል፣ እዚህ ይበላል። ወተት ከጥንትም በሁለቱ ግሶች መሀል የሚኖር ነገር ነው።

ይህን በዓይኔም አይቻለሁ። ባለፈው እሑድ የልጅ ልጄ አጠገቤ ተቀምጣ ስትበላ ሳህኗን ሳይ ነበር። መጀመሪያ ቅርፊቱ እየተንኮሻኮሸ ከወተቱ በላይ ይንሳፈፍ ነበር። ቀስ በቀስ ራሰና ወደ ጠርዙ ተጠጋ። ወተቱም ቢጫ ቢጫ አለ፤ ስኳሩ ሟሙቶበታል። በመጨረሻ ማንኪያዋ የሚይዘው አጣ። አስቀመጠችው። ሳህኑን በሁለት እጇ ወደ አፏ ልታነሣ ስትል እናቷ ከጓዳ «ጨረስሽ?» አለቻት።

«በልቼ ጨረስኩ፤ ልጠጣ ነው» አለች።

ማንም አላስተማራትም። ማንኪያውን ስታስቀምጥ ግሱንም ቀየረች። እናም ለባለቤትዎ የምሰጠው አንድ ነገር አለ። እህሉ ካለቀ በኋላ ሳህኑ ግርጌ የምትቀረውን ያቺን ሁለት ጉንጭ ወተት፣ እሷን መጠጥ ይበላት።