ዕረፍቴ የሚያልቀው በገና ዋዜማ ነው፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አዘጋጆች። የጅማ ልጅ ስሆን ላለፉት ሁለት ዓመታት በጣሊያን አገር የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርቴን በመከታተል ላይ እገኛለሁ። ከአዲስ አበባ፣ ከሐዋሳና ከዱባይ ተሰባስበን ዘንድሮ ገናን አምስታችንም ልጆች እናታችን ቤት ለማሳለፍ ተስማምተናል፤ በአንድ ማዕድ ከቀረብን ስድስት ዓመት አልፎናልና ቀኑን በጉጉት እየቆጠርኩ ነው። ችግሬ የዩኒቨርሲቲው ዕረፍት ጃንዋሪ 6 የሚያበቃ መሆኑና አንዱ ፈተናዬ ጃንዋሪ 9 ላይ መዋሉ ነው። ታላቅ ወንድሜ «በፈረንጆች ገና ነይና በዓሉን አስቀድመን እናክብረው» ይለኛል፤ እናቴ ግን ዝም ብላለች። የመኖሪያ ፈቃዴም በእድሳት ላይ ስለሆነ በእጄ ያለው የማመልከቻው ደረሰኝ ብቻ ነው። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ ልጃችን፣ ከጻፍሽልን ሁሉ ይበልጥ ያሳሰበኝ የእናትሽ ዝምታ ነው። የፈረንጆቹ ገና፣ ማለትም ዲሴምበር 25፣ በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 16 ላይ ይውላል፤ ይህም ኅዳር 15 የገባው ጾመ ነቢያት ገና ያልተፈታበት ጊዜ ነው። ወንድምሽ በቀና ልብ ያቀረበው ሐሳብ እናታችሁን ወይ ጾሟን እንድታፈርስ፣ ወይ ራሷ የማትቀምሰውን ዶሮ ሠርታ እናንተ ስትበሉ ቁጭ ብላ እንድታይ የሚያደርግ ነው። ልጆቿ ስድስት ዓመት ጠብቀው ሊሰባሰቡላት ሲሉ እምቢ ማለት ከብዷት ዝም ያለች ይመስለኛል።

እኔም ጅማ ተወልጄ ያደግሁ በመሆኔ የዋዜማውን ምሽት አውቀዋለሁ። ሽንኩርቱ ከመሸ ጀምሮ በዝግታ ሲቁላላ፣ ዶሮው በአሥራ ሁለት ብልት ተበልቶ በሎሚና በጨው ደጋግሞ ሲታጠብ፣ እናት ድስቱን ለልጅ አደራ ብላ ነጠላዋን አጣፍታ ለማኅሌቱ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትወጣ፣ ያ አደራ የተሰጠው ልጅ መሆን ራሱ ትልቅ ነገር ነበር። በእኛ ሰፈር ደግሞ ለሙስሊም ጎረቤቶቻችን የሚቀርበው ሥጋ በእነርሱ እጅ ታርዶ በተለየ ድስት ይሠራል፤ እነርሱም በኢድ ለእኛ እንዲሁ ያስቡልናል። ይህ ሁሉ በቀኑ ካልሆነ በሌላ ቀን የሚደገም አይደለም። ታኅሣሥ 29 ረቡዕ ወይም ዓርብ ላይ ቢውልም እንኳ ገና ነውና አይጾምም፤ ቅዳሴው እንዳበቃ ይፈሰካል።

ስለዚህ ምክሬ በዓሉን ከማስቀደም ይልቅ ፈተናውን ማስተላለፍ ነው። በጣሊያን ዩኒቨርሲቲዎች የክረምቱ የፈተና ወቅት ጃንዋሪንና ፌብሩዋሪን የሚያካትት ሲሆን ለአንድ ትምህርት ብዙውን ጊዜ ከአንድ በላይ የፈተና ቀን ይመደባል፤ ለየትኛው እንደሚመዘገብ የሚመርጠውም ተማሪው ነው። የአንቺ ትምህርት ሁለተኛ ቀን እንዳለው ከመምህርሽ ወይም ከትምህርት ክፍልሽ ጽሕፈት ቤት አረጋግጪ፤ የነፃ ትምህርት ዕድል ካለሽም ውጤት የምታስገቢበትን የጊዜ ገደብ አብረሽ ተመልከቺ። ይህን ሳትጨርሺ ቲኬት አትቁረጪ።

የደረሰኙ ጉዳይም ቀላል አይደለም። ደረሰኙ ከፓስፖርትሽ ጋር ሆኖ ከጣሊያን በቀጥታ ወደ አገርሽ ለመሄድና በቀጥታ ለመመለስ ያገለግላል፤ እንደ ጣሊያን የጋራ የጉዞ ቀጠና በሆነው ሼንገን ውስጥ ባለ በሌላ የአውሮፓ አገር በኩል ማለፍን ግን አይጨምርም። በመሆኑም በፍራንክፈርት ወይም በፓሪስ የሚያልፈው ቲኬት ረከስ ብሎ ቢገኝ እንኳ ከሮም አዲስ አበባ በቀጥታ የሚበረውን የኢትዮጵያ አየር መንገድ ብትመርጪ ይሻላል። ጉዳይሽን ወደያዘው የፖሊስ ቢሮ ሄደሽ ስለራስሽ ደረሰኝ መጠየቅም አትርሺ፤ ስትመለሺ በር ላይ ከመቆም ያድንሻል። የአዲስ አበባ ጅማን በረራ ከዋናው ቲኬት ጋር አንድ ላይ ያዢው፤ በበዓል ሰሞን መቀመጫ ቶሎ ያልቃል። በመኪና ከሆነ ግን መንገዱ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነውና፣ በወልቂጤ አልፈሽ የጊቤን ቁልቁለትና ዳገት በዋዜማው ምሽት እንዳትጋፈጪ ቢያንስ ሁለት ቀን አስቀድመሽ አዲስ አበባ ግቢ።

ፈተናው የማይተላለፍ ከሆነ ደግሞ ተፈትነሽ በማግስቱ ተነሺና ለጥምቀት፣ ጥር 11 ድረሺ። ከዱባይ የሚመጣው ሰው ፈቃዱን እስከዚያ ማራዘም ይችል እንደሆነ አሁኑኑ ተነጋገሩ። በዲሴምበር መምጣትሽ ግድ ከሆነም ነይ፤ ነገር ግን ገና ብላችሁ አትሰይሙት። ከእናትሽ ጋር ሽሮውንና ጎመኑን እየበላሽ፣ ቡናውን ከእጇ እየተቀበልሽ የምትጾሚበት ሳምንት ይሁን፤ እናትሽ ያንን የምታቃልለው አይመስለኝም።

ከሁሉ በፊት ግን በወንድምሽ በኩል ሳይሆን ራስሽ ደውለሽ «እማዬ፣ አንቺ መቼ ብመጣልሽ ትወጃለሽ?» ብለሽ ጠይቂያት። «ትምህርትሽን ብቻ» ብትልሽ፣ በሁለተኛው ቀን ደግመሽ ጠይቂያት። ቀኑ ሲቆረጥም የምትደርሺበትን ዕለት በትክክል አሳውቂያት፤ ጠላው ቀን ተቆጥሮለት ይጠነሰሳል፣ ድፎው የሚደፋበት የኮባ ቅጠልም ቀድሞ መቆረጥ አለበት።