አዲሱን ኢኒት ከመቀየራችን በፊት ምን እንፈትሽ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ለትምህርት ቤቶች የሚሆን፣ የአማርኛ ኪቦርድና ፎንት ያለው የሊኑክስ ዲስትሮ (ከሊኑክስ ተዘጋጅቶ የሚቀርብ ሙሉ ሲስተም) ከጀመርን ቆይተናል። አሁን ኢኒቱን፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሲነሳ ሌሎቹን ፕሮግራሞች የሚያስነሳውን ፕሮግራም፣ ከድሮው ሲስቪ ኢኒት ወደ ሲስተምዲ ልናዞረው ነው። ቨርቹዋል ማሽን (በሶፍትዌር የተሠራ ኮምፒውተር) ላይ ሞክረነው ያለችግር ተነሳ። ይበቃል? (ከባህር ዳር)

መልስ፦ አይበቃም ወንድሜ። አዲስ ቨርቹዋል ማሽን ምንም ጉድ የለበትም። ጉዱ ያለው ዓመታት ያገለገለ ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ኢኒት ደግሞ ሲበላሽ ዘግተህ የምትከፍተው ፕሮግራም አይደለም። ከርነሉ፣ ማለትም የሊኑክስ እምብርት፣ መጀመሪያ የሚያስነሳው እሱን ነው፤ ቁጥሩም 1 ነው። እሱ ከሞተ ከርነሉም ይቆማል።

ፌዶራ የተባለውን የሊኑክስ ዲስትሮ የሚሠሩት ሰዎች ያደረጉትን እዩ። ሌናርት ፖተሪንግ ሲስተምዲን ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2010 ነው። ለፌዶራ 14 ዋና ኢኒት እንዲሆን ታስቦ ነበር። ሊወጣ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ግን ገና አልበሰለም ብለው አቆዩት። ፌዶራ 14 በነባሩ ኢኒት፣ በአፕስታርት፣ ወጣ። ሲስተምዲም አብሮ ገባ፤ መሞከር የፈለገ ሰው ሲያስነሳ ለከርነሉ በሚሰጠው የትእዛዝ መስመር ላይ ኢኒቱን በስሙ ይጠራዋል። ዋና የሆነው በግንቦት 2011፣ በፌዶራ 15 ነው። ያን ውሳኔ እስከ ዛሬ አደንቀዋለሁ። ሁሉም ሰው እየጠበቀ ሳለ «ይቆይ» ማለት ከባድ ነው።

እኔ ትምህርቱን የወሰድኩት እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። የአንድ መሥሪያ ቤት ሰርቨር ከቤቴ ሆኜ ሲስተምዲን ዋና ኢኒት ወዳደረገው ዲስትሮ፣ ወደ ዴቢያን 8፣ አሳደግሁና ሪስታርት አደረግሁት። አልተመለሰም። ሌሊት ታክሲ ይዤ ሄድኩ። ለካ ኤፍኤስታብ (ሲነሳ የሚከፈቱ ዲስኮች የሚዘረዘሩበት ፋይል) ውስጥ፣ ድሮ የተነቀለ የባክአፕ ዲስክ መስመር ቀርቶ ኖሯል። የድሮው ኢኒት ስህተቱን ጽፎ ያልፈው ነበር። ሲስተምዲ ግን ዲስኩን 90 ሰከንድ ጠበቀ፣ ሲያጣው ኢመርጀንሲ ሞድ (ለጥገና ብቻ የሚሆን አነሳስ) ገብቶ የሩት፣ ማለትም የሲስተሙን አስተዳዳሪ፣ ፓስወርድ ጠየቀ። ኔትወርኩ ገና አልተነሳም፤ ከቤቴ በምን ልግባ? መድኃኒቱ በዚያ መስመር ላይ «ኖፌይል» የምትል፣ ዲስኩ ባይገኝም እለፈው የምትል አንዲት ቃል መጨመር ብቻ ነበር።

ስለዚህ ከትምህርት ቤቶቹ ያረጁትን ኮምፒውተሮች ለምኑ። ሰዓቱን የማይዝ፣ ተጨማሪ ዲስክ ተሰክቶ የተነቀለበት፣ አንድ መምህር በእጁ ስክሪፕት የጨመረበት ይሁን። ከተነሳ በኋላ ሲስተምሲቲኤል በተባለው የሲስተምዲ ትእዛዝ የወደቁትን ሰርቪሶች (ከበስተጀርባ የሚሠሩ ፕሮግራሞች) አውጡና አንድ በአንድ ምክንያቱን ፈልጉ። ዴስክቶፑ ስለታየ ብቻ ተነሳ አትበሉ።

መዝጋቱን ብዙ ሰው ይረሳዋል። አልቆምም ያለ አንድ ሰርቪስ መዝጊያውን ደቂቃ ተኩል ሊያቆየው ይችላል። ተማሪ ያን ያህል አይታገስም፣ የፓወር ቁልፉን ተጭኖ ይሄዳል።

መብራት መጥፋቱንም አስቡበት፤ እኛ አገር ይህ የዘወትር ነገር ነው። ፋይል እየተጻፈ ሳለ ገመዱን ንቀሉት። መልሳችሁ ስትሰኩት ማንንም ሳይጠይቅ መነሳት አለበት። አንዴ አይበቃም፣ ደጋግሙት። ላብራቶሪው ውስጥ የሩት ፓስወርድ የሚያውቅ ሰው አይኖርማ።

የድሮውን ኢኒት ወዲያው አታጥፉት። ግረብ ሜኑ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ በምን እንደሚነሳ የሚመረጥበት ዝርዝር) ላይ ለብቻው አንድ መስመር ይኑረው፤ ስሙንም በአማርኛ «በድሮው አስነሳ» ብላችሁ ጻፉት። መምህሩ ስልክ ሲደውልላችሁ የቱን እንደሚመርጥ መንገር ትችላላችሁ።