ኮዳችሁን ሌላ ሲስተም ላይ ሞክሩት

ልጆቼ፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ድረስ ልትጠይቁኝ የምትመጡት ብዙዎቻችሁ አንድ ነገር ታነሳላችሁ፦ «ፕሮግራሜ ኡቡንቱ ላይ በደንብ ይሠራል። ኔትቢኤስዲ የሚጠቀም ስንት ሰው አለና ነው የምለፋው?» ኡቡንቱ የሊኑክስ ዓይነት ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው፤ ኔትቢኤስዲ ደግሞ ቢኤስዲ ከሚባለው ሌላ ቤተሰብ ነው። እኔ ለተጠቃሚው ብዛት ብዬ አይደለም የምወተውታችሁ። በሲ ፕሮግራሚንግ ቋንቋ የተጻፈ ኮድ አንድ ሲስተም ላይ ስለሠራ ብቻ ትክክል ነው ማለት አይቻልም። ሌላ ሲስተም ላይ ሲወድቅ፣ አብዛኛውን ጊዜ የወደቀው ከጅምሩ ስህተት የነበረው መስመር ነው።

ለእኛ የሚቀርበውን ምሳሌ ልውሰድ። ፊደላትን በቁጥር በሚጽፈው ዘዴ፣ በዩቲኤፍ-8፣ አንድ የአማርኛ ፊደል ሦስት ባይት (ከ0 እስከ 255 የሚደርስ ቁጥር) ይይዛል፤ ሦስቱም ከ127 በላይ ናቸው። «ሀ» ለምሳሌ 225፣ 136 እና 128 ነው። አሁን ጽሑፍ የሚያነብ ፕሮግራም እነዚህን ባይቶች ቻር በሚባለው የአንድ ባይት ዓይነት ውስጥ እያስቀመጠ፣ ፊደል መሆን አለመሆኑን ለሚመረምረው ኢዝአልፋ ለሚባል ፈንክሽን ይሰጣል እንበል። ኢንቴል ማሽን ላይ ባለ ሊኑክስ ቻር አሉታዊ ቁጥርም ስለሚይዝ 225 የነበረው -31 ሆኖ ይገባል። የሲ ስታንዳርድ ደግሞ ኢዝአልፋ እንዲቀበል የሚፈቅደው አንሳይንድ ቻር (አሉታዊ ቁጥር የማይይዘው ቻር) የሚይዘውን ቁጥር ወይም የጽሑፍ ማብቂያ ምልክት የሆነውን ኢኦኤፍን ብቻ ነው። ኡቡንቱ የሚጠቀምበት የሲ ላይብረሪ፣ ጂሊብሲ፣ ኢዝአልፋ መልሱን የሚያነብበትን ሠንጠረዥ ወደ አሉታዊው ወገን ስላሰፋው ስህተቱ ሳይታወቅ ያልፋል። ኔትቢኤስዲ ላይ ግን ያው ጥሪ ከሠንጠረዡ ውጭ ያለ ሜሞሪ ሊያነብ ይችላል። በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ብቻ የሚሞክር ፕሮግራመር ይህን ችግር ዕድሜውን ሙሉ ላያየው ይችላል፤ በአማርኛ ጽሑፍ የምትሞክሩት እናንተ ግን ታገኙታላችሁ። መፍትሔው ባይቱን ከመስጠት በፊት ወደ አንሳይንድ ቻር መቀየር ነው።

አርም ፕሮሰሰር ላይ ባለ ሊኑክስ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ቻር አሉታዊ ቁጥር አይይዝም። አንድ ባይት የሚያነበውን የጌትቻር ፈንክሽን ውጤት ቻር ውስጥ ያስቀመጠ ሰው -1 የሆነው ኢኦኤፍ 255 ይሆንበትና ሉፑ ማለቂያ ያጣል። ጌትቻር ከቻር ሰፋ ያለውን ኢንት የሚመልሰው በከንቱ አይደለም።

አንድ ነገር ሲወድቅ እጃችሁ ቶሎ ወደ ኢፍዴፍ፣ ለየሲስተሙ የተለየ ኮድ ወደሚያስገባው ትእዛዝ፣ እንደሚሄድ አውቃለሁ። እባካችሁ ሲስተሙን በስሙ አትጠይቁት፤ የምትፈልጉት ነገር መኖሩን ጠይቁ። ጽሑፍ የሚቀዳውን የስትርኤልሲፓይ ፈንክሽን ተመልከቱ። በ1998 ከኦፕንቢኤስዲ ጋር መጣ፣ ጂሊብሲ የተቀበለው ግን በ2023 ነው። በመሃል ብዙ ሰው «ሊኑክስ ከሆነ የራሴን ተጠቀም» ብሎ ጻፈ። ይህ ያኔም ልክ አልነበረም፤ አልፓይን ሊኑክስ የሚጠቀምበት ሙስል ላይብረሪ ፈንክሽኑ ነበረው። አዲሱ ጂሊብሲ ሲመጣ ደግሞ የራሳቸው ትርጉም ከላይብረሪው ሄደር (የፈንክሽኖች ማሳወቂያ ፋይል) ጋር የተጋጨባቸው አሉ። ከኮምፓይል በፊት በሚደረገው ኮንፊገር ወቅት ፈንክሽኑ መኖሩን የፈተሸ ፕሮጀክት ግን አንድ መስመር ሳይነካ አለፈ።

ጥቂት የኔትወርክ ግንኙነት ብቻ ለሚያስተናግድ ፕሮግራምም ግንኙነቶችን የሚጠባበቁትን የሊኑክሱን ኢፖል ወይም የቢኤስዲዎቹን ኬኪው ለመምረጥ አትጨነቁ። የዩኒክስ መሰል ሲስተሞች የጋራ ስታንዳርድ በሆነው ፖዚክስ ውስጥ ያለው ፖል ሁሉም ጋ አለ፣ ይበቃችኋል። ስክሪፕቶቻችሁንም ባሽ ለሚባለው የትእዛዝ ተቀባይ (ሼል) ሳይሆን ለተራው ሼል (sh) ጻፏቸው፤ ፍሪቢኤስዲ ላይ ባሽ ሲጀመር የለም፣ ሲጫንም የሚቀመጠው ሌላ ቦታ ነው።

ይህን ሁሉ ለመሞከር ብዙ ኮምፒውተር አያስፈልግም። ኪውኤሙ የተባለው፣ በኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር (ቨርቹዋል ማሽን) የሚፈጥረው ፕሮግራም ያለበት አንድ ላፕቶፕ ፍሪቢኤስዲንም ኔትቢኤስዲንም ያስነሳል። እኛ ሰፈር ኢንተርኔቱም መብራቱም እንደሚታወቀው ነው፤ የመጫኛ ፋይሉን ኔትወርክ ጥሩ በሆነበት ሰዓት አንዳችሁ አውርዱና በፍላሽ ተቀባበሉት። ኮዳችሁን ቨርቹዋል ማሽኑ ውስጥ ብቻ አታስቀምጡ። መብራት ድንገት ሲጠፋ ዲስኩ ሊበላሽ ይችላል፤ ለውጣችሁን በየጊዜው ወደ ውጭ አውጡ።

ያስተካከላችሁትን ለራሳችሁ አታስቀሩት፣ ለፕሮጀክቱ ባለቤቶች ላኩት። ይህን የምለው ከልቤ ነው፤ ብዙ ጎበዝ ልጅ ጥሩ ፓች (የማስተካከያ ኮድ) ሠርቶ ላፕቶፑ ላይ ትቶት ቀርቷል። አንድ ፓች አንድ ጉዳይ ብቻ ይያዝ። የሲስተሙን ስምና ቨርዥን፣ የኮምፓይለሩን ዓይነት፣ የስህተቱን መልእክት ቃል በቃል ጻፉ። ፓቹን የሚገመግመው ሰው ኔትቢኤስዲ ላይኖረው ይችላል፤ ስለዚህ የስታንዳርዱ የትኛው ደንብ እንደተጣሰ በሁለት ዓረፍተ ነገር ንገሩት። ያኔ ማሽኑን ባያየውም መፍረድ ይችላል።