ጣሪያው የሚከፈት ያገለገለ መኪና ሲገዛ ከሞተሩ በፊት ጣሪያው ይመርመር

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። ለሠርግ የማከራየው፣ በሌላው ቀን ራሴ የምነዳው ጣሪያው የሚከፈት መኪና ልገዛ ነው። ሦስት አግኝቻለሁ። አንዱ እ.ኤ.አ. የ2001 ሞዴል መርሴዲስ ሲኤልኬ 320 ነው፤ ጣሪያው በኤሌክትሪክ ይታጠፋል። ሁለተኛው የ1996 ሱዙኪ ቪታራ ባለ ሁለት በር፣ ከኋላ ሸራ ያለው። ሦስተኛው ጣሪያው እዚሁ አገር ውስጥ የተቆረጠለት ቮልስ ነው። የመርሴዲሱ ሞተር ድምፁ እንኳ አይሰማም። ጥገናው ኪሴን የማይጎዳው የትኛው ነው?

መልስ፦ ቪታራው ነው። ቮልሱን ይተዉት። መርሴዲሱን ልብዎ ከወደደው ከታች ያለውን ምርመራ ካለፈ ብቻ ይግዙት።

የመርሴዲሱ ሞተር ጥሩ መሆኑ ደስ ይላል፤ ግን በእንዲህ ዓይነት መኪና ገንዘብ የሚጨርሰው ሞተሩ ሳይሆን ጣሪያው ነው። ሲኤልኬ የተሠራው በዚያው ዘመን በነበረው ሲ ክላስ ላይ ተመሥርቶ ስለሆነ፣ ለሞተሩ፣ ለካምቢዮውና ለፍሬኑ የሚሆን ዕቃ አዲስ አበባ ተፈልጎ ይገኛል። ጣሪያውን በዘይት ግፊት የሚያንቀሳቅሱት ፖምፓና ሲሊንደሮች፣ ሴንሰሮቹና የበር መስታወቱ ጎሚኒዎች ግን ከሌላ መርሴዲስ አይመጡም። በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ከታገደ ወዲህ ደግሞ ለመለዋወጫ የሚፈታ ሌላ ካብሪዮሌት (ጣሪያው የሚከፈት መኪና) ማግኘት ይበልጥ ከባድ ሆኗል። በተጨማሪ ይህ ሞተር ስድስት ሲሊንደር ቢሆንም ለእያንዳንዱ ሁለት ካንዴላ አለው። ሲቀየር 12 ካንዴላ ይገዛል ማለት ነው።

ምርመራውን በቀን ብርሃን፣ መኪናው ካደረበት ሳይነቃነቅ ይጀምሩ። በመጀመሪያ ሞተሩ ሳይነሣ ባትሪው ይለካ። ደህና ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል፤ ሞተሩ ሲነሣ ከ13.8 እስከ 14.4 መድረስ አለበት። ባትሪው ከደከመ ጣሪያው ተከፍቶ ሳያልቅ ግማሽ ላይ ይቆማል፤ ሻጩም “ባትሪ ብቻ ነው” ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ስለዚህ በሌላ ደህና ባትሪ አስነሥተው ይሞክሩት።

ከዚያ ሞተሩ እየሠራ ጣሪያውን ሙሉ በሙሉ ይክፈቱና ይዝጉ፤ ጥቂት ደቂቃ አሳርፈው ይድገሙት። የፖምፓው ድምፅ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ዓይነት መሆን አለበት። እያቃሰተ ከሄደ ወይም አንዱ ጎን ከሌላው ከዘገየ ዘይት ጎድሏል፣ አለዚያም የአንድ ሲሊንደር ጎሚኒ አልቋል። ቀጥሎ ከፊት መስታወቱ በላይ፣ ከውስጥ መመልከቻ መስታወቱ አጠገብ በነጭ ጨርቅ ይጥረጉ። ጣሪያውን ከፊት የሚቆልፈው ሲሊንደር ዘይት ማፍሰሱ የታወቀ የዚህ መኪና ችግር ነው፤ ዘይቱ የሚንጠባጠበው ከፊት በተቀመጡት ሰዎች ላይ ነው። ሙሽራ ለሚጭን መኪና ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የኋላውን ዕቃ መጫኛ ምንጣፍ አንሥተውም የፖምፓውን ዙሪያ ይዩ።

ዘይት ጎድሎ ከተገኘ ማንም የፍሬን ዘይት እንዳይጨምርበት። የዚህ ሲስተም ጎሚኒዎች የተሠሩት ለማዕድን ዘይት ነው፤ የፍሬን ዘይት ሲነካቸው ያብጡና ይበላሻሉ። ከዚያ በኋላ ችግሩ በአንድ ሲሊንደር አያበቃም፤ ሁሉም ይፈታል። አንድ ሲሊንደር ብቻ የሚያፈስ ከሆነ ግን ሙሉውን መግዛት ግድ አይደለም። ኮምቦልቻ የከባድ መኪና ከተማ ናት፤ የገልባጭና የሎደር ሲሊንደር ጎሚኒ የሚቀይር ባለሙያ አሮጌውን ጎሚኒ በካሊፐር ለክቶ ተመሳሳዩን ማግኘት ከቻለ ሥራው ይሳካል። የሲሊንደሩ ዘንግ ከተጫረ ግን አዲስ ጎሚኒም አይቆይም።

ውሃውም ይፈተሽ። ጣሪያው ከታጠፈበት ቦታ ግራና ቀኝ የዝናብ መውረጃ ቀዳዳ አለ። በእያንዳንዱ ጎን አንድ ሊትር ውሃ ቀስ አድርገው ያፍስሱ፤ ከመኪናው ሥር ወርዶ መታየት አለበት። ካልወረደ ቀዳዳው በአቧራና በቅጠል ተደፍኗል፤ ውሃውም ወደ ውስጥ እየገባ ነው። ምንጣፉን በእጅ ተጭነው ይዩት፣ ያሽትቱትም። ሻጋታ የሚሸት ከሆነ ከሥሩ ያለው ሽቦና ሶኬት ዝጓል። የሽቦ ዝገት ጥገና ማለቂያ የለውም፤ ዛሬ ጣሪያው፣ ነገ መስታወቱ፣ ከነገ ወዲያ ካምቢዮው እምቢ ይላል። እንዲህ ያለውን መኪና በቅናሽም አይግዙ።

የበሮቹ መስታወቶች ፍሬም ስለሌላቸው በሩ ሲከፈት በጥቂቱ ዝቅ፣ ሲዘጋ ከፍ ማለት አለባቸው። ይህን የማያደርግ መስታወት ጎሚኒውን እየቀደደ ነው።

ይህን ሁሉ ካለፈ መርሴዲሱ ለሠርግ የሚያምር መኪና ነው። ያኔም ቢሆን ከመግዣው ገንዘብ አንድ አምስተኛውን ለመጀመሪያው ዓመት ጥገና ሳይነኩ ያስቀምጡ። ይህን ማድረግ ካልቻሉ መኪናው ከአቅም በላይ ነው።

ወደ ቪታራው እንምጣ። የዚህ ሞዴል ቦዲ ለብቻው በቆመ ሻንሲ ላይ የተጫነ ስለሆነ ጣሪያ ማጣቱ አያዳክመውም። 1.6 ሊትር ሞተሩን የማያውቅ መካኒክ ብዙም የለም፤ ዕቃውም አይጠፋም። ሸራው በእጅ ስለሚታጠፍ ፖምፓም ሴንሰርም የለውም። የሚበላሸው ዚፑ፣ ስፌቱና ላስቲክ መስኮቱ ነው። ላስቲኩ በፀሐይ ይቢጫል፤ በብርድ ሲታጠፍ ደግሞ ይሰነጠቃል። ደሴ ላይ በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ፀሐይ ሳያሞቀው አይጠፍ። የጭነት መኪና ሸራ የሚሰፉ ባለሙያዎች አዲስ ሊሰፉለት ይችላሉ፤ አሮጌውን እንደ ልክ ይስጧቸው፣ በጥጥ ሳይሆን በፖሊስተር ክር እንዲሰፉ ያድርጉ፣ ስፌቱም ቢያንስ 2 ሴንቲ ሜትር ይደራረብ። (ይህን ወፍራም ሸራ ለመርሴዲሱ አያሰፉ። አልታጠፍ ብሎ ፖምፓውን ያቃጥላል።) ሲገዙ ከኋላ ወንበር ሥር ያለውን ላሜራና ሻንሲውን በመዶሻ እጀታ መታ መታ ያድርጉ፤ የደነዘዘ ድምፅ ከሰጠ ሥሩ ስቱኮ ወይም ዝገት ነው።

ቮልሱን ተዉት ያልነው ለደኅንነትዎ ነው። ፋብሪካው እስከ 1980 እ.ኤ.አ. የሸጠው ካብሪዮሌት ቮልስ ከበሮቹ ሥር ተጨማሪ ብረት ነበረው። እዚህ የተቆረጠው ያ ብረት የለውም፤ የቦዲውን ጥንካሬ ተሸክሞ የነበረው የተነሣው ጣሪያ ነው። ማረጋገጥ ከፈለጉ አንዱን የኋላ ጎማ በክሪክ ያንሡና በሩን ከፍተው ይዝጉ። ከተጣበቀ ወይም በበሩ የላይና የታች ክፍተት መካከል ያለው ልዩነት በዓይን የሚታይ ከሆነ ቦዲው እየታጠፈ ነው። ለቦሎ ምርመራ ሲቀርብም ሊብሬው ላይ ያለው ዓይነትና መኪናው ላይጣጣሙ ይችላሉ። የሻንሲና የሞተር ቁጥርን ከሊብሬው ጋር ማመሳከርና ዕዳና እገዳ እንደሌለበት ማረጋገጥ ለሦስቱም የሚሠራ ነው።

ጥያቄ፦ ከደሴ ነኝ። ጣሪያዬ በዝናብ መሐል ግማሽ ላይ ቆመ። በእጅ ልግፋው?

መልስ፦ እንዲያው አይግፉት። ግፊት ያለበት ሲሊንደር በኃይል ሲገፋ ማጠፊያው ይጣመማል። መጀመሪያ መኪናውን ሜዳ ላይ አቁመው ሞተሩን ያስነሡ። የኋላው ኮፈን በደንብ መዘጋቱንና ዕቃ መጫኛው ውስጥ ያለው መጋረጃ በቦታው መዘርጋቱን ይዩ፤ መጋረጃው ከተነሣ ሲስተሙ ሆን ብሎ ይቆማል፤ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይኸው ነው። ቀጥሎ ፊውዙን ይፈትሹ። ካልሆነ ፖምፓው ላይ ግፊት የሚለቅ ቫልቭ አለ፤ በመኪናው መመሪያ መሠረት ያላሉት። ከዚያ ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ሆኖ እኩል እያነሣ ይዝጋው። ቫልቩን መልሰው ማጥበቅ አይርሱ፤ ከላላ በሚቀጥለው ጊዜ ፖምፓው ይጮኻል እንጂ ጣሪያው አይንቀሳቀስም።

ጥያቄ፦ ሙሽሮች ይዤ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሐረጎን ዳገት ስወጣ ውሃ ያፈላብኛል። ሠርገኛው ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። ራዲያተር ልቀይር?

መልስ፦ ከክዳኑ ይጀምሩ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ንጹሕ ውሃ እዚያ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ሞተር ደግሞ በተለምዶ ከዚያ ጥቂት ዝቅ ብሎ ወይም እዚያው አካባቢ ነው የሚሠራው። ውሃው ሳይፈላ የሚቆየው የራዲያተሩ ክዳን በሚይዘው ግፊትና በኩላንቱ ምክንያት ነው። ጎሚኒው የደረቀ ክዳን ያን ግፊት አይዝም። ክዳኑን ከመክፈትዎ በፊት ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ። በራሱ ቁጥር ሌላ ገዝተው ይቀይሩ፤ ኩላንትና የተጣራ ውሃ እኩል ቀላቅለው ይሙሉ። ቀጥሎ ሞተሩን ቆሞ ለ20 ደቂቃ ያስነሡትና የኤሌክትሪክ ፋኑ በራሱ መነሣቱን ያረጋግጡ። መኪና በዝግታ ሲሄድ ንፋስ ስለማያገኝ ሥራው ሁሉ የፋኑ ነው። ሁለቱ ደህና ሆነው አሁንም ካፈላ ያኔ ራዲያተሩ ይፈታና ይታጠብ። ሲመለሱ በቁልቁለቱ በዝቅተኛ ማርሽ ይውረዱ፤ የፍሬን ዘይቱም ሁለት ዓመት ካለፈው ይቀየር፤ እርጥበት የጠጣ የፍሬን ዘይት ሲግል ይፈላል፣ ፔዳሉም እስከ ወለሉ ይወርዳል።