ስለ ቤታችሁ መብራት ጠይቁኝ

በደብረ ማርቆስና በአቅራቢያዋ ባሉ ከተሞች የቤት ኤሌክትሪክ ዝርጋታና ጥገና እሠራለሁ። ሰው ሁሉ የሚጨነቀው መብራት ሲጠፋ ነው። እኔ በሥራዬ የማየው ጉዳት ግን አብዛኛው የሚደርሰው መብራቱ እያለ ወይም ሄዶ ሲመለስ ነው። የላካችኋቸውን ጥያቄዎች እነሆ መለስኩ።

ከደብረ ማርቆስ፦ ጋሼ፣ ሰሞኑን ማታ አምፖሎቻችን በድንገት ቦግ ብለው ደመቁና ቴሌቪዥኑና የስልክ ቻርጀሩ ተቃጠሉ። የጎረቤታችን መብራት ግን በዚያው ሰዓት ፈዝዞ ነበር። ብሬከሩም አልወደቀም። ምን ይሆን?

እኅቴ፣ ይህን ሁሉም ሰው ቢያነበው ደስ ይለኛል። የገለጽሽው የኒውትራል መቋረጥ ምልክት ነው። ከሰፈሩ ትራንስፎርመር አብዛኛውን ጊዜ አራት ሽቦ ይወጣል፤ ሦስቱ ኃይል የሚያመጡት ፌዞች ናቸው፣ አራተኛው የመመለሻው ሽቦ ኒውትራል ነው። በአንድ ፌዝና በኒውትራል መካከል ያለው 220 ቮልት ሲሆን፣ በሁለት ፌዞች መካከል ግን 380 ቮልት አለ። ኒውትራሉ ምሰሶው ላይ ሲላላ ወይም ሲበጠስ፣ በተለያየ ፌዝ ላይ ያሉ ቤቶች ያንን 380 ቮልት ይከፋፈሉታል፤ ክፍፍሉም እኩል አይደለም። ምጣድ የጣደው ቤት ቮልቴጁ ይወርድበታል፤ አምፖልና ቴሌቪዥን ብቻ የከፈተው ቤት ከ300 በላይ ሊደርስበት ይችላል። የእናንተ ደምቆ የጎረቤት የፈዘዘው ለዚህ ነው።

ብሬከሩ ያልወደቀው ተበላሽቶ አይደለም። ብሬከር የሚለካው በሽቦው የሚያልፈውን አምፔር ነው እንጂ ቮልቴጁን አይደለም። ስለዚህ አንዱ መብራት ሲደምቅ ሌላው ሲፈዝ ካያችሁ፣ ዕቃ እየዞራችሁ ስትነቅሉ ጊዜ አታጥፉ፤ በቀጥታ ዋናውን ማጥፊያ አውርዱ። ከዚያ የኤሌክትሪክ አገልግሎቱን በ905 ደውሉ። «መብራት ጠፋ» ብቻ አትበሉ፤ «አንዱ ቤት ደምቋል፣ ሌላው ፈዝዟል፣ ኒውትራል የተቋረጠ ይመስላል» በሉ። ለዘለቄታው ከቆጣሪው ቀጥሎ የቮልቴጅ መቆጣጠሪያ ይገጠም። ይህ መሣሪያ ቮልቴጁ ከልክ ሲያልፍ ወይም ሲወርድ መስመሩን ይቆርጣል፤ ሲስተካከልም ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ ይለቃል። ቤት ሠርቶ ለቀለም የሚከፍል ሰው ይህን ሲተው በጣም አዝናለሁ።

ከፍኖተ ሰላም፦ ስታቢላይዘር አለኝ፤ አይበቃም?

ለተራ የቮልቴጅ መውረድና መውጣት ይጠቅማል። ከላይ ለተናገርኩት ግን በቂ አይደለም፤ ብዙዎቹ 300 ቮልት ሲመጣ ራሳቸው ይቃጠላሉ። ፍሪጁን መብራት ሲሄድ ንቀሉት፤ ከመጣ በኋላ አምስት ደቂቃ ጠብቃችሁ መልሱት። ወዲያው ሲነሣ የሚጎዳው ሞተሩ ነው። በሩ ካልተከፈተ ምግቡ ለአራት ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይዞ ይቆያል።

ከቡሬ፦ ልጄ፣ ምጣድ ስጥድ ብሬከሩ ይወድቃል። ኤሌክትሪክ ሠሪው በትልቅ ልቀይረው አለኝ።

እትዬ፣ እባክዎ እንዳይፈቅዱለት። ብሬከሩ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። ባለ 3,500 ዋት ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ይስባል፤ ሽቦው ቀጭን ሆኖ ብሬከሩ ትልቅ ከሆነ፣ ብሬከሩ ሳይወድቅ ሽቦው ግድግዳ ውስጥ ይግላል። የብዙ ቤት እሳት የሚነሣው እንዲህ ነው። ለምጣድዎ ከቆጣሪው ሰሌዳ ለብቻው የሚመጣ ባለ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦና ባለ 20 አምፔር ብሬከር ያሠሩ። በዲቫይደር በፍጹም አይጋግሩ። ሶኬቱን ከጋገሩ በኋላ ሲነኩት የሚግል ከሆነ ውስጡ ላልቷል፤ ይቀየር።

ደግሞም በበዓል ዋዜማ ማታ ሰፈሩ ሁሉ አንድ ላይ ይጥዳል። ያ ሰዓት ለትራንስፎርመሩ ከባድ ነው። ከተቻለዎ ረፋዱ ላይ ወይም አንድ ቀን አስቀድመው ይጋግሩ።

ከዳንግላ፦ ስድስት ተከራዮች በአንድ ቆጣሪ ነን። አከራያችን ምጣድ ከልክለውናል፤ ትክክል ናቸው?

ሽቦው ለአንድ ቤተሰብ የተዘረጋ ከሆነ ስጋታቸው እውነት ነው። ነገር ግን መከልከል ብቻውን መፍትሔ አይሆንም፤ ሰው እንጀራ ሳይበላ አይኖርም። ተሰባስባችሁ አንድ ራሱን የቻለ የምጣድ መስመር ይዘርጋና በተራ ጋግሩ፤ ወጪውን ከአከራያችሁ ጋር ተካፈሉት።

ከባሕር ዳር፦ ጣና በለስ አጠገባችን ነው፣ ሕዳሴ ግድብም ተመርቋል። ታዲያ መብራት ለምን ይጠፋል?

ጣና በለስ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ሕዳሴ ደግሞ 5,150 ሜጋ ዋት። ጎተራ ቢሞላ ወፍጮው አንድ ከሆነ ሰልፉ አይቀርም። ኃይሉ ወደ ቤታችን የሚደርሰው በማከፋፈያ ጣቢያ፣ በ33 ወይም በ15 ኪሎ ቮልት መስመር፣ በሰፈር ትራንስፎርመርና በምሰሶ በኩል ነው። የበሰበሰ የባሕር ዛፍ ምሰሶ፣ መስመር ላይ የወደቀ ቅርንጫፍ፣ ሰፈሩ ሲሰፋ ያላደገ ትራንስፎርመር፦ የከተሞቻችን ችግር በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከሞጣ፦ ሶላር ባስገባ ከዚህ ሁሉ እገላገላለሁ?

ለመብራት፣ ለስልክና ለቴሌቪዥን አዎ። ባለ 12 ቮልት፣ 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ 1,200 ዋት ሰዓት ይይዛል። የእርሳስ ባትሪ ከሆነ ግማሹን ብቻ ተጠቀሙ፤ ያለበለዚያ ዕድሜው ያጥራል። 100 ዋት ለሚሆን ጭነት አምስት ሰዓት ያህል ይበቃችኋል። ምጣድ ግን አታስቡ።

ከእንጅባራ፦ የፍሪጁን አካል ስነካ ይነዝረኛል። መብረቅም ያሠጋናል።

መንዘሩን በቀላሉ አትየው። ኤሌክትሪክ ሠሪዎች አርዝ የምንለው የመሬት ሽቦ የለህም ወይም ተቆርጧል። የመዳብ ዘንግ እርጥበት ባለው አፈር ውስጥ ጠልቆ ይቀበር፤ ሽቦውም እስከ ሶኬቶቹ ይድረስ። በበጋ አፈሩ ሲደርቅ አቅሙ ስለሚቀንስ ዙሪያውን ውኃ አጠጣው። ከዚህ ጋር ኤሌክትሪክ በሰው ወይም በዕቃ አካል በኩል ወደ መሬት ሲያፈተልክ በ30 ሚሊ አምፔር መስመሩን የሚቆርጥ መከላከያ ይገጠም፤ ልጆች ላሉበት ቤት ከሁሉ በፊት የምመክረው ይህን ነው። ለመብረቁ፣ ነጎድጓድ ከሩቅ ሲሰማ ዕቃዎቹን ንቀል፤ ደመናው አናትህ ላይ እስኪደርስ አትጠብቅ።

ከደጀን፦ ጄኔሬተር ማድ ቤት ውስጥ ማስነሣት ይቻላል?

አይቻልም። ጭሱ ሽታም ሳይሰማህ ይገድላል፤ በተዘጋ ክፍል የሚያድር የከሰል ምድጃም እንዲሁ። ውጭ፣ ከመስኮት ርቆ ይቀመጥ። ከቤቱ መስመር ጋር የምታገናኘው ደግሞ በመቀያየሪያ ማብሪያ ብቻ ነው፤ ይህ ማብሪያ ቤቱን ወይ ከምሰሶው መስመር ወይ ከጄኔሬተሩ ጋር እንጂ ከሁለቱም ጋር በአንድ ጊዜ አያገናኝም። ሶኬት ላይ ከሰካኸው ኃይሉ በትራንስፎርመሩ ወደ ኋላ ሄዶ ምሰሶ ላይ ያለውን ሠራተኛ ሊገድል ይችላል።

ከደምበጫ፦ ሽቦ መንገድ ላይ ወድቆ ብናይስ?

መብራት የጠፋ ቢመስልም ሕይወት እንዳለው ቁጠሩት። ቢያንስ አሥር ሜትር ራቁ፣ ልጆችንና ከብቶችን አርቁ፣ 905 ደውሉ፣ ሠራተኞቹ እስኪደርሱም አንድ ሰው ቆሞ መንገደኛ ያስጠንቅቅ። በቤት ውስጥ ኮረንቲ የያዘው ሰው ካለ በእጅ አትንኩት፤ መጀመሪያ ዋናውን ማጥፊያ አውርዱ፣ ማጥፊያው ከራቀ በደረቅ እንጨት ከሽቦው አላቁት፣ ከዚያም ደኅና ቢመስል እንኳ ሐኪም ቤት ውሰዱት።