የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ በካዚኖ ካርታ አዳይ ለመሆን

ጥያቄ፦ በኮምቦልቻ ከተማ በአንድ ሆቴል በገንዘብ ተቀባይነት የምሠራ፣ በአካውንቲንግ ዲፕሎማ ያለኝ ወጣት ነኝ። አንድ የደሴ ደላላ ታይላንድ በሚገኝ ካዚኖ በክሩፒየርነት እንደሚያስቀጥረኝ፣ ሥልጠናውንም እዚያው እንደምወስድ ገልጾ ለቪዛና ለኮሚሽን ገንዘብ ጠይቆኛል። ሥራው ምን ዓይነት ነው? እንዴትስ ይገባበታል?

መልስ፦ ክሩፒየር በቁማር ጠረጴዛ ላይ ካርታ የሚያድል፣ ሩሌት የተባለውን ቁጥሮች የተጻፉበት መንኮራኩር የሚያሽከረክር፣ የተሸናፊውን ሰብስቦ ለአሸናፊው የሚከፍል የቁማር ቤቱ ሠራተኛ ነው። ቁማር በሃይማኖት ዐይን እንዴት እንደሚታይ እዚህ አልገባበትም፤ ወሎ ውስጥ ግን ሼኩም ቄሱም ተመሳሳይ መልስ እንደሚሰጡዎት እገምታለሁ።

ሥራው ከሁሉ በላይ ሒሳብ ነው። ከ0 እስከ 36 ቁጥሮች ባሉት የአውሮፓ ሩሌት አንድ ቁጥር ላይ ብቻ የተቀመጠ ቺፕ (በገንዘብ ፋንታ የሚጫወቱበት ክብ ምልክት) ሲያሸንፍ 35 እጥፍ፣ በሁለት ቁጥሮች መካከል ባለው መስመር ላይ የተቀመጠ ደግሞ 17 እጥፍ ይከፈልበታል። ስለዚህ አንድ ተጫዋች በወጣው ቁጥር ላይ 3፣ በመስመሩ ላይ 2 ቺፕ ካስቀመጠ ክሩፒየሩ 105ንና 34ን ደምሮ 139 ቺፕ፣ ያለ ወረቀትና ያለ ካልኩሌተር፣ ሰው ከብቦት እያየው ሊከፍል ይገባል። ከጠረጴዛው ሲነሣም አጨብጭቦ መዳፎቹን ገልብጦ ለካሜራው ያሳያል፤ ምንም ይዞ አለመሄዱ የሚረጋገጠው በዚህ ነው። በብዙ የቁማር ቤቶች የደንብ ልብሱ ኪስ የለውም። ሥራው በአብዛኛው የሌሊት ነው።

ወደ ሙያው የሚገባው ካዚኖው ራሱ በሚሰጠው ወይም በልዩ ትምህርት ቤት በሚሰጥ ሥልጠና ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ተመልማዩ ጠረጴዛ ላይ ቆሞ ይፈተናል። ፈቃድም ያስፈልጋል፤ ለምሳሌ በብሪታኒያ የአገሪቱ የቁማር ተቆጣጣሪ ኮሚሽን የአመልካቹን የወንጀል መዝገብ ጭምር አይቶ ለግለሰቡ የሥራ ፈቃድ ይሰጣል። የዕድሜው ወለል እዚያ 18፣ በአሜሪካዋ ኔቫዳ ደግሞ 21 ዓመት ነው። በሒሳብ በኩል የእርስዎ ዲፕሎማ ይረዳዎታል።

የደላላው ነገር ግን ሌላ ነው። ታይላንድ በሕግ የተፈቀደ ካዚኖ የላትም። በአንጻሩ በዚያች አገር በኩል ወደ ምያንማር ድንበር እየተወሰዱ፣ በተዘጋ ግቢ ውስጥ በኢንተርኔት ማጭበርበር እንዲሠሩ የተገደዱ ኢትዮጵያውያን ጥቂት አይደሉም፤ እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ከነዚህ ግቢዎች ከወጡት መካከል የእኛ ልጆች ነበሩ። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ቢሮ በ2023 ባወጣው ግምት ምያንማር ውስጥ ብቻ ቢያንስ 120,000 ሰዎች በዚህ ሁኔታ ሳይያዙ አልቀሩም።

የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 የመግቢያ ቪዛንና የጉዞ ትኬትን ወጪ የጣለው በአሠሪው ላይ እንጂ በሠራተኛው ላይ ስላልሆነ፣ የተጠየቁት ክፍያ ብቻውን ሊያስጠረጥርዎት ይገባል። የካዚኖውን ስም፣ የፈቃዱን ቅጂና የሥራ ውሉን በጽሑፍ ጠይቀው በከተማዎ የሥራና ሥልጠና መምሪያ ያስመርምሩ፤ እስከዚያው ፓስፖርትዎን ለማንም አይስጡ።