ሴሮ ጎርዶ፦ ብርና እርሳስ ለምን አብረው ተገኙ?

በካሊፎርኒያ በረሃ ያለው የሴሮ ጎርዶ ማዕድን ብርና እርሳስን አንድ ላይ የያዘው ለምን እንደሆነና ለምን እንደተተወ ለጠየቁን ወንድማችን፦

መነሻው የኖራ ድንጋይ ነው። ሴሮ ጎርዶ የሚገኝባቸው የኢንዮ ተራሮች በአብዛኛው በጥንት ባሕር ወለል ላይ የተጠራቀመ ደለል ናቸው። ቅልጥ አለት ከሥር ሰርጎ ሲገባ የኖራ ድንጋዩን በከፊል ወደ እምነበረድ ለወጠው፤ ትኩስ ፈሳሽም በስንጥቆቹ እየዘለቀ ድንጋዩን እያሟሟ በምትኩ ጋሌና አኖረ። ጋሌና የእርሳስና የድኝ ውሁድ ሲሆን ብሩ በውስጡ ተሰውሮ ይገኛል፤ በእጅ ለቅሞ መለየት አይቻልም።

ታሪኩን የወሰነውም ይኸው ነው። ማዕድኑ እ.ኤ.አ. በ1865 አካባቢ በሜክሲኮ ተወላጆች ቢገኝም፣ ትርፉን የጠቀለለው ሞርቲመር ቤልሾው ነው። በምድጃ ውስጥ የቀለጠ እርሳስ ብርን ስለሚሰበስብ፣ እርሳሱን የያዘ ሰው የጎረቤቶቹንም ብር እንደሚቆጣጠር ገባው። ስለዚህ በእርሳስ የበለጸገውን የዩኒየን ጉድጓድ ድርሻ ያዘ፣ ማቅለጫ አቆመ፣ ወደ ተራራው የሚወጣውንም መንገድ ቀረጥ የሚከፈልበት አደረገው። በእኔ እምነት ከብሩ ይልቅ ያበለጸገው ይህ ብልሃት ነው። ከማቅለጫው የወጣው የብርና የእርሳስ ቅይጥ በበቅሎ ጋሪ እስከ ሎስ አንጀለስ ይጓዝ ነበር፤ ያች ያኔ ትንሽ የነበረች ከተማ በዚህ ንግድ ብዙ ተጠቅማለች።

በ1870ዎቹ መጨረሻ ምርጡ ማዕድን ሳሳ፣ የብርና የእርሳስ ዋጋም ወረደ። ከ1911 ወዲህ ግን ቀደምቶቹ ችላ ያሉት ዚንክ ሥራውን እንደገና አስነሳው። ውሃ ከማዕድኑ አጥቦ የወሰደው ዚንክ ከኖራ ድንጋዩ ጋር ተዋህዶ ስሚትሶናይት የተባለ የዚንክ ማዕድን ሆኖ ነበርና። እርሱም ሲመናመን ቦታው ባዶ ቀረ።